ጀንበር ስትገባ የሚጠፋው ዓይኔና የጓሮው ጎመን

ጡረታ ወጥቼ ከመዝገብ ቤት ከተሰናበትሁ ወዲህ፣ በሁለት ጎረቤቶቼ ቤት፣ ሲመሽ ከዕቃ ጋር የሚጋጭ ልጅ አይቻለሁ። የአንደኛው እናት «ቀልቃላ ነው» አለችኝ፤ የሁለተኛው አባት «ጨለማ ይፈራል» አለኝ። ልጆቹን የያዛቸውን እኔ አውቀዋለሁ። ከጉልምስናዬ ግማሽ ዓመት፣ ከሁለቱ ዓይኖቼም አንዱን የወሰደብኝ እሱ ነው። ስለዚህ የደረሰብኝን በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ። ብዙ ዘመን ያለፈው ነገር ነውና የዘነጋሁት ቢኖር እተወዋለሁ እንጂ ከራሴ አልጨምርበትም።

ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። ቤታችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው አቀበት ላይ ነው። በልጅነቴ ዲማ ገዳም ተልኬ ጥቂት ዓመታት የቄስ ትምህርት ተምሬያለሁ፤ ኋላ ለመንግሥት ሥራ ያበቃኝ የእጅ ጽሕፈት የተገኘው ከዚያ ነው። በቤቱ የምንኖረው አራት ነበርን፤ እናቴ ወይዘሮ አስረበብ፣ ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል፣ እኔ፣ እንዲሁም ካገባኋት ዓመት ያልሞላት ባለቤቴ ትሁን። አባታችን ባላባት ነበር፤ ከጦርነቱ አስቀድሞ ሞቷል። ጎተራችን ጎድሎ የማያውቅ፣ ጓሯችን ግን ምንም የማይበቅልበት ቤት ነበረን። የጓሮው ባዶነት ከኩራት የመጣ ነው። በእኛ ዘንድ ጎመን የቸገረው ሰው ምግብ ነበር። ጎመን የሚቀቅል ቤት እህሉ ማለቁን ለሰፈሩ ያወጀ ያህል ይቆጠራል። እናቴም ለሰው «በእኔ ቤት ጎመን ተቀቅሎ አያውቅም» ስትል እሰማት ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምት የጠላት ጦር በመንደራችን ሲያልፍ ከብቱን ሁሉ ነዳው። ላሞቹ ሄዱ፤ ወተቱና ቅቤው አብሯቸው ሄደ። በሬዎቹም በመሄዳቸው ማሳው ሳይታረስ ቀረ። እኛ ከገደሉ ሥር ባለ ዋሻ ተደብቀን ከረምን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ጠላት ሳያገኘው የቀረ ገብስ ስለ ነበረን፣ ጠዋት በሶ፣ ማታ ቆሎ እየበላን ከረሃብ ዳንን። ሆዳችን ስላልተራበ የጎደለብን ነገር መኖሩን አላወቅንም።

ሕመሙ የጀመረኝ በኅዳር ነው። አንድ ቀን ጀንበር ገና እንደ ጠለቀች፣ ሰማዩ ሳይጠቁር፣ በደጃችን ያለው ነገር ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ታየኝ። ድካም ነው ብዬ ተውሁት። በሦስተኛው ቀን ማታ ግንባሬ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። በሳምንቱ ፀሐይ ከገባች በኋላ ከእሳት ነበልባል በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ጠዋት ሲነጋ ግን ከማዶ ተራራ ላይ የሚሄደውን ሰው በልብሱ እለየው ነበር።

በዚያ ጊዜ የመንደራችን ጎልማሶች ወደ ተራራው ለወጡት አርበኞች ተራ ገብተው ስንቅ ያደርሱ ነበር። ቀን ቀን ከማዶ ያለው የጠላት ምሽግ ስለሚያይ መንገዱ የሚያዘው ሲመሽ ብቻ ነው። ተራውን የሚያወጣው ጎረቤታችን አያ ደምሌ ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ ዱቄቱን ተሸክሜ ከሰዎቹ ኋላ ተከተልሁ። የፊተኛውን ሰው ኮቴ እየሰማሁ ጥቂት ሄድሁ፤ ከዚያ እግሬ ጠርዙን ስቶ ተንሸራተትሁ። እኔ ቁጥቋጦ ይዤ ተረፍሁ፤ ዱቄቱ ገደል ገባ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለኝ አያ ደምሌ፣ ክንዴን ይዞ ወደ ላይ እየሳበኝ።

«መንገዱ አይታየኝም።»

«ለእኛ የታየን መንገድ ላንተ ለምን ይጨልማል?»

«እኔ እንጃ፣ አያ ደምሌ። ሲመሽ አይታየኝም።»

«ዶሮ ነህ እንዴ አንተ! ጀንበር ስትገባ ቆጥ ላይ የምትሰፍር!»

ሰዎቹ ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ «ዳፍንት ይዞት ይሆናል» ቢል፣ አያ ደምሌ «ዳፍንት የሕፃን በሽታ ነው፤ ጢም ያበቀለ ሰው በዳፍንት ተያዘ ሲባል ሰምታችኋል?» አለ። በማግሥቱ ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ቀን የሚያይ፣ ሥራ ሲመጣ የሚታወር ሰው ተባልሁ። ጥቂት ቆይቶም ከዚህ የከፋ ወሬ ተከተለ፤ ዱቄቱን ሆን ብዬ እንደ ጣልሁት፣ ከጠላትም ጋር የምነጋገረው ነገር ሊኖር እንደሚችል ይንሾካሾኩ ጀመር። አንዳንዱ ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ጸበል አዘዘልኝ። ሰባት ቀን ተጠመቅሁ፤ ነፍሴ ተጽናናች፣ ዓይኔ ግን እንደ ነበረ ነው።

ወንድሜ የእኔንም ተራ ደርቦ ይሸከም ነበር። ሲመለስ ግን አያነጋግረኝም። በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠን፣ ከአንድ ቁና ቆሎ እየዘገንን፣ እሱ ለእናቴ ይናገራል፣ እኔ ለባለቤቴ እናገራለሁ። ከሕመሙ ይልቅ ይህ ዝምታ ይከብደኝ ነበር።

ከበራችን እስከ አጥሩ መውጫ ባለው መንገድ ላይ የእህል ጉድጓድ ነበር። ገብሱ ከወጣለት ወዲህ ባዶውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ የተቀመጠ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በላዩ ተመላልሻለሁ። በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ማታ ወንድሜ ከአጥሩ በር ላይ ሆኖ ጠራኝ።

«አድማሱ! ና እስቲ፣ ሰው ይፈልግሃል።»

ደስ ብሎኝ ተነሣሁ፤ በስሜ ከጠራኝ ብዙ ቀን ሆኖት ነበር። እግሬ መንገዱን ስለሚያውቀው ሳልዳብስ ሄድሁ። ድንጋዩን እረግጣለሁ ብዬ የሰነዘርሁት እግር የሚረግጠው አጣ። የሰው ቁመት ያህል ወርጄ በግራ ትከሻዬ አረፍሁ። ገና ሳልጮህ ወንድሜ አጠገቤ ዘልሎ ገብቶ ራሴን በሁለት እጁ ያዘ።

«አላየኸውም? በእውነት አላየኸውም?»

«ምኑን?»

«ክዳኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣» አለ። «አያ ደምሌ ፈትነው ብሎኝ ነው። የለም፣ ምን አሳበበኝ! እኔም ተጠራጥሬህ ነው። ካየኸው ትዞረዋለህ ብዬ ነው።»

ልቆጣው ይገባኝ ነበር፤ ግን አልቻልሁም። ትከሻዬ ተሰብሮ፣ አፈር እየቃምሁ፣ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚያምነኝ አንድ ሰው አገኘሁ።

ወጌሻው አጥንቴን አስተካክሎ በቀርከሃ ስንጥር አሰረልኝ። እናቴ በዚህ ጊዜ ቆረጠች። ዳፍንት ከሆነ መድኃኒቱ የፍየል ጉበት መሆኑን ከእናቷ ሰምታለች። ችግሩ ጊዜው ጾመ ነቢያት መሆኑ ነው፤ ለገና ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ በክርስቲያን ቤትም የሚታረድ ፍየል አልተረፈም። እናቴ አዲሱን ጋቢዋን ይዛ ሮብ ገበያ ወረደች፤ ለአንድ ሙስሊም ሥጋ ሻጭ ሰጥታ ጉበቱን በቅጠል ጠቅልላ ይዛ መጣች። ማታ ጉበቱ በድስት ሲንተከተክ በላዩ አጎንብሼ ተቀመጥሁ፤ ራሴን በብርድ ልብስ ሸፍነው ዓይንህን ግለጥ አሉኝ። እንፋሎቱ ፊቴን አራሰው። ሽታው እስከ አንጀቴ ገባ፤ ከክረምት ጀምሮ ቅባት ያለው ነገር ቀምሼ አላውቅም ነበር።

«እማ፣ ትንሽ ልቅመሰው?»

«ምን ነካህ ልጄ! ጾም ነው። ሥጋውም ከእስላም ቢላ የወጣ ነው። መድኃኒቱ እንፋሎቱ ነው።»

እኔም የዲማ ተማሪ ነኝና አልደገምሁም። እንዲያውም መጠየቄ አሳፈረኝ። ሦስት ማታ ታጠንሁ። በአራተኛው ቀን እናቴ ጉበቱን አውጥታ ከአጥሩ ኋላ ጣለችው፤ ውሻችን በላችው። በቤታችን ከነበርነው ሁሉ መድኃኒቱን በትክክል የወሰደችው ውሻዋ ነበረች። ይህን የምጽፈው እናቴን ለማማት አይደለም፤ ለእኔ ዓይን ስትል በዚያ ብርድ ያለ ጋቢ የከረመች ሴት ናት። ነገር ግን ዛሬም እንፋሎቱን ለዓይን፣ ጉበቱን ለውሻ የሚሰጥ ቤት ይኖር ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

የገናን በዓል ያለ ሥጋ ዋልን። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሌሊቶች ማስታወስ አልወድም። ከእንቅልፌ ስነቃ ዓይኔ መገለጡንና አለመገለጡን ለማወቅ በጣቴ ሽፋኑን እነካ ነበር። ተገልጦ አገኘዋለሁ፤ የሚታየኝ ነገር ግን የለም። ያን ጊዜ የዶሮ ጩኸት እስኪሰማ ድረስ፣ ዛሬ ጠዋትም ባይነጋልኝስ እያልሁ እጠብቃለሁ። በጥር መጀመሪያ በዓይኔ ነጭ ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር ወጣ። ዓይኔ ደረቀ፤ ባርገበገብሁት ቁጥር አሸዋ ያለበት ይመስለኝ ነበር።

በደብረ ማርቆስ ከጠላት ምሽግ አጠገብ ለአገሬው ሰው የተከፈተ ሐኪም ቤት እንዳለ ሰምተናል። ወንድሜ ስንቅ አመላላሽ ስለሆነ ወደዚያ ሊጠጋ አይችልም። እናቴ አብራኝ ሄደች፤ ቀን እየተጓዝን፣ ሲመሽ ከዘመድ ቤት እያደርን ደረስን። ጎሕ ሲቀድ ከግንቡ ሥር ተሰለፍን። ከፊታችን ስንት ዓይኑን በጨርቅ ያሰረ፣ ስንት እግሩ ያበጠ፣ ስንት ልጅ ያዘለ ሰው ነበር። መጀመሪያ ብርዱ፣ ቀጥሎ ፀሐዩ ተፈራረቀብን። ከጎናችን የተቀመጠችው ከደምበጫ የመጣች ነጋዴ ነበረች፤ ወይዘሮ ዘሃራ ትባላለች። በጥርስ ሕመም ጉንጯ አብጦ፣ በሻሿ አስራው፣ ግን ከሰልፉ ሁሉ አብልጣ የምትናገረው እሷ ነበረች።

ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙ የዓይኔን ሽፋን ገልብጦ አየ። ጣቶቹን አሳየኝ፤ በትክክል ቆጠርሁ። በሩቅ ያለውን ዛፍ አሳየኝ፤ ቅርንጫፉን ሳይቀር ነገርሁት። በአስተርጓሚው በኩል ሲመሽ እንደማይታየኝ ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚውም ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተረጎመው፦

«ሐኪሙ እንዲህ ይላሉ፤ ቀን ቀን ታያለህ። ማታ ማታ ደግሞ ተኛ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ዛሬ ትራኮማ የሚሉት የዓይን ማዝ ነው ተብሎ ቢጫ ቅባት በቆርቆሮ ተሰጠኝ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ወጣች። እኔ ግን ከግንቡ ሥር ተቀመጥሁ፤ የቀረኝ ተስፋ ያ ሐኪም ነበርና።

ወይዘሮ ዘሃራ ጉንጯን ደግፋ መጥታ ከፊቴ ቁጢጥ አለች።

«አንተ ልጅ፣ ባሌንም ይዞት ነበር። ለንግድ በረሃ ወርዶ ወራት ሙሉ ቆሎ ብቻ ሲበላ። ምንድን ነው የምትበሉት?»

እናቴ ቀድማ መለሰች፦ «ገብስ አለን። አልቸገረንም።»

«እሱማ ያስታውቃል፣ እመይቴ። ወተት አለ?»

«ከብቱ ሄዷል።»

«ጎመንስ?»

«ጎመን አንበላም።»

«እሱ ነዋ!» አለች ዘሃራ፣ እጇን በእጇ መትታ። መልሳ ጉንጯን ያዘች፤ አመማት። «እመይቴ፣ ጎመን የእስላም የክርስቲያን የለውም። ጾምም አይገድፍም። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ የሆነውን፣ በየቀኑ ይብላ። የተወቀጠ ኑግ ይግባበት፤ ቅባት ከሌለው ውኃ ነው፣ ያልፋል። ያለዚያ ይኸ አረፋ ወደ ብሌኑ ይገባል። የአንዲት ጎረቤቴ ልጅ እንደዚያ ሆኖ ነው የቀረ።»

ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ የጎመን ዘር አወጣች። ለራሷ ጓሮ የገዛችው ነው። እናቴ እጇን አልዘረጋችም። እኔ ዘረጋሁ። ዘሃራም ግማሹን በመዳፌ ላይ አድርጋ፣ «ሁሉንም ባንዴ እንዳትዘራው፤ ጀማሪ ነህ፣ ታጠፋዋለህ» አለችኝ።

የቤታችን ጣራ ሲታይ እናቴ አንድ ቃል ተናገረች፦ «ከቤቱ በስተኋላ ይሁን። የፊቱ ከመንገድ ይታያል።»

ሞትን ወይም መዳንን ያህል ነገር የሚወስን ቦታ የተመረጠው እንዲህ ነው። ከቤቱ ኋላ ያለው መሬት ጎድጓዳ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ረፋድ ላይ ነው፤ ከተራራው የሚወርደው ቅዝቃዜም የሚያርፈው እዚያ ነው። ወንድሜ በዶማ ቆፈረ። እኔ በደኅናው እጄ ዘሩን በተንሁ። እኛ ገበሬዎች ነን፤ መዝራት የምናውቀው እንደ ጤፍ ነው፤ እንደ ጤፍም በተንሁት። ትሁን በጓሮው በር ቆማ፣ እጆቿን አጣምራ ታየን ነበር። ዘሩ እንደ ፀጉር ተፋፍጎ ሲበቅል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አንዱን ከሌላው እንዳሳሳው ማንም አልነገረኝም፤ ቢነግሩኝም አንዲቱን ቡቃያ ለመንቀል ልቤ አይጨክንም ነበር። አያ ደምሌ አንድ ቀን በአጥሩ አሻግሮ አየኝና «እሰይ! የባላባት ልጅ ጎመን ኮትኳች ሆነ! ስንቁን ሴቶቹ ይሸከሙት እንግዲህ» ብሎ አለፈ።

በጥር መጨረሻ ውርጭ ወረደ። ጠዋት ሄጄ ሳይ ቡቃያው ሁሉ የፈላ ውኃ እንደ ፈሰሰበት ጠቁሮ መሬት ላይ ተኝቷል። በዚያው ሳምንት የግራ ዓይኔ ቆሰለ። ሕመሙ እስከ ጥርሴ ይወርድ ነበር። በብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ጋረደው፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ዓይን የቀን ብርሃንም እንደ ጉም ሆነብኝ። የቀኙም አረፋ እየሰፋ ነበር። የሐኪሙን ቅባት ጨርሼው ነበር፤ አልረዳኝም።

ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም። በአራተኛው ቀን ትሁንን ጠርቼ ወደ አባቷ ቤት እንድትመለስ ነገርኋት። ገና ወጣት ናት፤ ልጅም አልወለደችልኝም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ዕውር መርታ እንድትኖር አልፈልግም አልኋት። በዚያ ጊዜ ልማድ ባሏን አንቱ የምትል ነበረች። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝና፦

«አልሄድም፣» አለች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አይቆጡኝም?»

«ጠይቂ።»

«እኔን ለምን አልያዘኝም? የምንበላው አንድ ገብስ ነው፤ የከረምነውም ባንድ ዋሻ ነው።»

ይህን ከቶ አስቤው አላውቅም ነበር።

«ክረምቱን ውኃ ልቅዳ ብዬ ስወጣ ከምንጩ ዳር ሳማ እቀጥፍ ነበር፤» አለች። «በገል ቀቅዬ እዚያው እበላና እመለሳለሁ። በእናቴ ቤት ያደግሁበት ነው። እስከ ታኅሣሥ በላሁ፤ አሁን ደርቆ አገዳው ብቻ ነው የቀረ።»

«ለምን ደበቅሽን?»

«የድሀ ልጅ ነው ያመጣነው እንዳይሉኝ ነዋ።»

«ጎመኑን ስንዘራስ?»

«ጎመን እንደ ጤፍ አይበተንም። ቦታውም የውርጭ ማደሪያ ነው።»

«ታዲያ እያየሽ ለምን አልነገርሽንም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ከዚያ በኋላ በቢሮ ሳገለግል በጠረጴዛዬ ፊት ዝም ብሎ የቆመ ባለጉዳይ ባየሁ ቁጥር ቀድሜ የምጠይቀው እኔ ነበርሁ፤ ከሰላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ሠርቻለሁ። አለቆቼ ጠባይ ነው ይሉት ነበር።

በቋጠሮው የቀረው ዘር አንድ ጭብጥ አይሞላም። ትሁን ቦታውን ቀየረች፤ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ በሚታየው ተዳፋት ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚመታው። ወንድሜ ወደ እናቴ ዞሮ አየ። እናቴም «ይሁን፣» አለች፤ «መንገደኛው ይየው። የእኔን ልጅ ዓይን መንገደኛ አይሰጠኝም።»

ትሁን አዘዘች፣ እኛ ታዘዝን። ከባዶው በረት ያረጀውን ፍግ አወጣን፤ ከብቶቻችን ትተውልን የሄዱት እሱን ብቻ ነው። መደቡን ጠባብ አድርጋ፣ ዘሩን ከደረቀ አፈር ጋር ቀላቅላ በስሱ ነሰነሰችው። ሲመሽ በሣር ትሸፍነዋለች፤ ሲነጋ ትገልጠዋለች። ወንድሜ ማታ ስንቅ፣ ጠዋት ውኃ ይሸከም ነበር። ቡቃያው አራት ቅጠል ሲያወጣ ደካማውን ነቅላ፣ ጠንካራውን ስንዝር ስንዝር አራርቃ ተከለችው። ከእናቴ የመድኃኒት ከረጢትም ፌጦ አውጥታ በዳር በዳሩ ዘራች። ፌጦን ለሆድ ቁርጠት እንጂ ቅጠሉን ለምግብ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። በጥቂት ቀን በቀለ፤ ጎመኑ እስኪደርስ እሱን በላሁ፤ ምላሴን ያቃጥለኝ ነበር። ጎመኑ ሲደርስ ከታች ያለውን ቅጠል እንጂ አናቱን እንዳልነካ አስተማረችኝ፤ እንደዚያ ከተያዘ ወር ሙሉ ይሰጣል። ኑጉን የምትወቅጠው እናቴ ነበረች። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለ ነበር ኑጉ ከሁሉም ጋር ተስማማ።

አንድ ሳምንት በላሁ፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ሳምንትም አለፈ። የግራው ዓይን ሕመም ቀዘቀዘ፤ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። ሁሉም ማታ ማታ በጉጉት ፊቴን ስለሚያዩኝ፣ ጀንበር ሳትገባ መኝታዬ ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመርሁ። ቅጠሉን የምበላው ለእነሱ ስል እንጂ ተስፋ ኖሮኝ አልነበረም።

ዛሬ ሐኪሞች ይህ በሽታ ቫይታሚን ኤ ከሚባል ነገር ማነስ የሚመጣ መሆኑን ይነግሩናል። በጉበት፣ በእንቁላል፣ በወተት፣ በካሮትና ጥቁር አረንጓዴ በሆነ ቅጠል ውስጥ ይገኛል፤ ሰውነት ቅጠሉን የሚጠቀምበትም ቅባት ሲያገኝ ነው። ልጃችሁ ሲመሽ ከተደናበረ ፈሪ ነው አትበሉ፤ አትፈትኑት። ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንፋሎትና ጢስ አያድንም። በዓይኑ ነጭ ላይ አረፋ ካያችሁ ነገ አትበሉ፤ እኔ ነገ ስል የግራ ዓይኔ ቀርቷል።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለራት የሚሆን ቅጠል ልቀጥፍ ወደ መደቡ ወረድሁ። ትከሻዬ ድኖ ስለ ነበር በሁለት እጄ እሠራ ነበር። በቅጠሎቹ ሥር ትል አገኘሁ፤ አንድ በአንድ እያነሣሁ ከድንጋይ ላይ ጨፈለቅሁ። አንዱን ተክል ስጨርስ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ትሎቹ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ለመለየት ትኩረት ይጠይቃሉ፤ በሥራው ተመስጬ ስንት ጊዜ እንደ ቆየሁ አላወቅሁም። ትሁን ከበሩ ላይ ተጣራች።

«ምን ያደርጋሉ በዚህ ጨለማ?»

«ትል እለቅማለሁ፣» አልኋት ቀና ሳልል። አንዱን ይዤ ነበር። ከዚያ የተናገረችው ቃል ደረሰኝና ቀና አልሁ። ከተራራው በላይ አንድ ኮከብ ወጥቷል። የትሁን ቀሚስ በበሩ ላይ ነጥቶ ይታየኛል፤ ፊቷ ይታየኛል፤ እጇን ደረቷ ላይ ማድረጓ ይታየኛል።

«መሸ እንዴ?» አልሁ።

ትሁን ወደ ቤት ዞራ፣ አንቱታውን ረስታ «እማማ! መሸ እንዴ ይላል! እማማ፣ መሸ እንዴ ይላል!» እያለች ስትጮህ ሰማኋት። እናቴ ኑግ የነካ እጇን ሳትታጠብ ወጣች። እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ከማዶ ያለው ምሽግ ትዝ አላትና ነጠላዋን በአፏ ላይ ጠቅጥቃ በዚያ ውስጥ እልል አለች። ድምፁ ከእኔ አልፎ አልተሰማም። እኔ ወደ መደቡ ተመለስሁ፤ ያልታየ አንድ ተክል ቀርቶኝ ነበር።